አልበርት ላስከር

አልበርት ዴቪስ ላስከር (እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1880 – ሜይ 30 ቀን 1952) በቺካጎ ከተማ የሎርድ ኤንድ ቶማስ የማስታወቂያ ድርጅት ባለቤትና መሪ የነበረ አሜሪካዊ ነው። የዘመናዊ ማስታወቂያ አባት ከሚባሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ ስሙ በብዛት የሚነሳው ግን በሕክምና ምርምር ለላቀ ሥራ በየዓመቱ በሚሰጠው የላስከር ሽልማት ነው። በ1920ዎቹ ሲጋራን ለአሜሪካ ሴቶች ካስተዋወቁት ሰዎች ዋነኛው ነበር፤ በ1940ዎቹ ደግሞ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ እንዲመደብ ከታገሉት ዋነኛው ሆነ። በሁለቱም ጊዜ የተጠቀመው አንድ ዓይነት ሙያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ልጅነት

ላስከር የተወለደው ወላጆቹ ለጊዜው በሄዱባት በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ ሲሆን ያደገው በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በጋልቬስተን የወደብ ከተማ ነው። አባቱ ሞሪስ ላስከር በልጅነቱ ከፕሩሺያ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር። በንግድ፣ በዱቄት ወፍጮና በባንክ ሥራ ሀብት አፍርቶ የቴክሳስ ሴኔት አባል ለመሆን በቅቷል። የሞሪስ ወንድም ኤድዋርድ ላስከር ደግሞ በጀርመን ፓርላማ ታዋቂ የሊበራል ፖለቲከኛ ነበር። ኤድዋርድ በ1884 ኒው ዮርክን በመጎብኘት ላይ ሳለ ሲሞት የአሜሪካ ምክር ቤት የሐዘን መግለጫ አውጥቶ ወደ በርሊን ላከ፤ ቢስማርክ ግን መግለጫውን ለጀርመን ፓርላማ አላደርስም ብሎ መለሰው፤ ጉዳዩም በሁለቱ አገሮች መካከል ቅሬታ ፈጥሮ ነበር።

አልበርት በ12 ዓመቱ የራሱን ባለአራት ገጽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። ጽሑፉንም ማስታወቂያውንም የሚያሰባስበው ራሱ ሲሆን ጋዜጣው ከወጪው ተርፎ ትርፍ ያስገኝ ነበር። ከዚያ በከተማው ጋዜጣ ላይ በዘጋቢነት ሠራ። ሕልሙ ጋዜጠኛ መሆን ነበር። አባቱ ግን የዚያን ዘመን ጋዜጠኞች ሰካራሞች ናቸው ብሎ ስለሚያምን ልጁን ከዚህ ሙያ ለማራቅ ፈለገ። ስለዚህም በ1898 በቺካጎ በሚገኘው ሎርድ ኤንድ ቶማስ ለጥቂት ወራት እንዲሞክር አስማማው፤ ሥራው ካልተስማማው ወደ ጋዜጣው መመለስ ይችላል።

አልተመለሰም። ምክንያቱን በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ቺካጎ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዳይስ ቁማር 500 ዶላር ተበላ። ደመወዙ በሳምንት 10 ዶላር ብቻ ነበርና ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ አልነበረውም። ከድርጅቱ ባለቤቶች አንዱ የነበረው ቶማስ ገንዘቡን አበደረው፤ ላስከርም ብድሩን እስኪከፍል በማስታወቂያ ሥራ ላይ ቆየ። ቆይታው 44 ዓመት ሆነ።

ሙያውን መለወጥ

ያኔ የማስታወቂያ ድርጅት ማለት የቦታ ደላላ ማለት ነበር። ከጋዜጦችና ከመጽሔቶች ባዶ ቦታ ይገዛል፣ ለነጋዴው ይሸጣል፣ በመካከል ኮሚሽኑን ይወስዳል። በቦታው ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን የነጋዴው ጉዳይ ነበር። አብዛኛው ማስታወቂያም የምርቱን ስም በትልቁ ከመጻፍ ያለፈ ነገር አልነበረውም።

ወጣቱ ላስከር ገና በጀማሪነቱ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ሸቀጥ የሚሸጠው ቦታው ሳይሆን ጽሑፉ ከሆነ ጽሑፉን ለምን ድርጅቱ አይጽፈውም? መጀመሪያ የሞከረው ለመስማት ለሚቸገሩ ሰዎች መርጃ በሚሸጥ አንድ የሉዊቪል ከተማ ደንበኛ ላይ ነው። ጽሑፉን በአዲስ መልክ አስጽፎ የድርጅቱን ኮሚሽን ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ እንዲል አደረገ፤ ሽያጩ ስለጨመረ ደንበኛው አልከፋውም።

ከዚያ በ1904 ጆን ኬኔዲ የሚባል ሰው መጣ። ከፕሬዚዳንቱ ጋር ከስም መመሳሰል በቀር አይገናኝም፤ ይህኛው ቀድሞ በካናዳ ፈረሰኛ ፖሊስ ያገለገለ የማስታወቂያ ጸሐፊ ነው። ኬኔዲ ከሕንጻው ምድር ቤት ካለው መጠጥ ቤት ሆኖ ማስታወቂያ ምን እንደሆነ አውቃለሁ የሚል ማስታወሻ ወደ ቢሮው ላከ። ቶማስ ወረቀቱን ችላ ሲለው ላስከር ሰውየውን አስጠራው፤ ሁለቱም እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሲነጋገሩ አመሹ። የኬኔዲ መልስ ማስታወቂያ ማለት በወረቀት ላይ የታተመ ሻጭ ነው የሚል ነበር። ጎበዝ ሻጭ ደንበኛው ቤት ገብቶ ይህን ዕቃ ለምን እንደሚገዛ ምክንያቱን አስረድቶ እንደሚያሳምን ሁሉ ጽሑፉም እንዲሁ ማድረግ አለበት። ላስከር ሰውየውን ቀጠረው፤ ሐሳቡንም ለወጣት ጸሐፊዎች ማሰልጠኛ አደረገው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ክሎድ ሆፕኪንስን አመጣ። ሆፕኪንስ በዓመት እስከ 185,000 ዶላር እንደተከፈለው ይነገራል፤ ለዚያ ዘመን ጸሐፊ ይህ ለማመን የሚከብድ ገንዘብ ነበር።

የሎርድ ኤንድ ቶማስ ጥንካሬ ግን በጽሑፍ ብቻ አልነበረም። ድርጅቱ በማስታወቂያዎቹ ላይ ተቆርጦ የሚላክ ኩፖን ያትም ነበር፤ እያንዳንዱ ኩፖን የራሱ መለያ ምልክት ስላለው የትኛው ጽሑፍ፣ በየትኛው ጋዜጣ፣ ስንት ደንበኛ እንዳመጣ ይታወቃል። ውጤቱም በመዝገብ ይያዛል። ዛሬ የኢንተርኔት ማስታወቂያዎች በክሊክ የሚቆጥሩትን ነገር እነዚህ ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት በፖስታና በእርሳስ ይቆጥሩት ነበር ማለት ነው።

ላስከር በ1912፣ በ32 ዓመቱ የድርጅቱ ባለቤት ሆነ። በዚህ መካከል በ1907 በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ታምሞ ለወራት ከሥራ ርቆ ነበር። ሕመሙ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ እየተመላለሰ አስቸግሮታል፤ ውጭ ሲያዩት ግን ያለ ዕረፍት የሚናገር፣ በስብሰባ ላይ ሌላውን የማያናግር ሰው ነበር።

ብርቱካን፣ የጥርስ ሳሙናና ሞዴስ

በካሊፎርኒያ የብርቱካን አምራቾች ማኅበር ከፍላጎት በላይ እያመረተ ተቸግሮ፣ ገበሬዎች ዛፎቻቸውን መቁረጥ ጀምረው ነበር። ሎርድ ኤንድ ቶማስ ለማኅበሩ ምርት ሰንኪስት የሚለውን የንግድ ስም ካስተዋወቀ በኋላ በ1916 ብርቱካን የሚበላ ብቻ ሳይሆን የሚጠጣም ፍሬ ነው የሚል ዘመቻ ጀመረ። ሰው ቤቱ እንዲጨምቅ ርካሽ የመስታወት መጭመቂያ በ10 ሳንቲም ቀረበለት። አንድ ብርቱካን ለሚበላ ሰው አንዱ ይበቃዋል፤ አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ግን ሁለትና ሦስት ይፈጃል። የአሜሪካ ቁርስ ያለ ብርቱካን ጭማቂ የማይታሰብ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ለፔፕሶደንት የጥርስ ሳሙና ድርጅቱ በ1929 በኤንቢሲ ሬዲዮ አሞስና አንዲ የሚለውን ተከታታይ ድራማ አቀረበ። ድራማው በመላው አገር እጅግ ተወዳጅ ቢሆንም ነጮች የጥቁሮችን አነጋገር እያስመሰሉ የሚቀልዱበት በመሆኑ በዘመኑም ከዚያ በኋላም ተወቅሷል። በ1938 ደግሞ በዚሁ ሳሙና ስፖንሰርነት ኮሜዲያኑ ቦብ ሆፕ የራሱን የሬዲዮ ፕሮግራም አገኘ።

በጣም አስቸጋሪው ምርት ኮቴክስ የተባለው የሴቶች የንጽህና መጠበቂያ ነበር። ጥሬ ዕቃው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለቁስል መሸፈኛ ከተመረተው የተረፈ ነው። ሴቶች ከወንድ ሻጭ መጠየቅ ያፍሩ ነበር፤ መጽሔቶችም ስሙን ለማተም አይፈልጉም ነበር። ላስከር ራሱ እየሄደ አዘጋጆችን አሳመነ፤ ዕቃውም ምንም ባልተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልሎ ገዢዋ ሳትናገር ልትወስደው እንድትችል ሆኖ ይሸጥ ነበር። በኢትዮጵያ ይህ ምርት ሞዴስ የሚባለው ከኮቴክስ ተፎካካሪ ስም ተወስዶ ነው።

የሊዮ ፍራንክ ጉዳይ

በ1913 በአትላንታ የእርሳስ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበረው አይሁዳዊው ሊዮ ፍራንክ፣ በፋብሪካው የምትሠራ የ13 ዓመት ልጅ ገድሏል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ችሎቱ የተካሄደው ሕዝብ በቁጣ ከብቦት ባለበት ሁኔታ ነበር። ላስከር ፍራንክን ሄዶ ካየው በኋላ በባሕርዩ አልወደደውም፤ ሆኖም ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ስላመነ ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜውንና ብዙ ገንዘቡን ለመከላከያው አዋለ። መርማሪዎች እንዲቀጠሩ ረዳ፣ በየከተማው ያሉ ጋዜጦች ጉዳዩን እንዲያነሱ አደረገ።

በጁን 1915 የጆርጂያ ገዥ ጆን ስላተን የሞት ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠው። በኦገስት ግን የታጠቁ ሰዎች ፍራንክን ከእስር ቤት አውጥተው ማሪዬታ አጠገብ በዛፍ ላይ ሰቀሉት። የጆርጂያ ግዛት ይቅርታ የሰጠው በ1986 ነው። ላስከር በዚህ ጉዳይ የተማረው ነገር መራራ ነበር፤ ከሰሜን የመጣው የጋዜጦች ጩኸት የአገሬውን ሰው ይበልጥ ሳያስቆጣ አልቀረም።

ቤዝቦልና ፖለቲካ

ላስከር ከ1916 ጀምሮ የቺካጎ ከብስ ቤዝቦል ቡድን ባለድርሻ ነበር፤ በኋላም ድርሻውን ለማስቲካ ነጋዴው ዊልያም ሪግሊ ሸጧል። በ1919 የሌላው የቺካጎ ቡድን ተጫዋቾች ጉቦ ተቀብለው የዋንጫ ጨዋታ ለቀዋል የሚለው ቅሌት ሲፈነዳ፣ ስፖርቱ ከቡድን ባለቤቶች ውጭ በሆነ ሰው እንዲመራ ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው። በ1920 ዳኛው ኬንሶ ላንዲስ የመጀመሪያው ኮሚሽነር ሆነ።

በዚያው ዓመት ለሪፐብሊካኑ ዋረን ሃርዲንግ የምርጫ ቅስቀሳ የማስታወቂያ ዘዴን አመጣ። ሃርዲንግ ሲያሸንፍ የመርከብ ጉዳይ ቦርድ ሊቀመንበር አድርጎ ሾመው፤ ከ1921 እስከ 1923 ከጦርነቱ የተረፉ፣ ማንም የማይፈልጋቸው ብዙ መርከቦችን የመሸጥ ዕጣ ደረሰው። ከዚህ ሥራው የሚታወሰው ሌቫያታን የተባለችው ግዙፍ መርከብ ታድሳ ስትወጣ በመቶ የሚቆጠሩ እንግዶችን በነጻ አሳፍሮ ለሙከራ ጉዞ መውሰዱ ነው። በምክር ቤት ተወቀሰበት፤ መርከቧ ግን በአገሩ ሁሉ ታወቀች።

ሲጋራ

ላኪ ስትራይክ የተባለው ሲጋራ አምራች መሪ ጆርጅ ዋሽንግተን ሂል ነበር፤ ከላስከር ደንበኞች ሁሉ ትልቁም አስቸጋሪውም እሱ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ሴት በሕዝብ ፊት ማጨሷ ነውር ነበር። የላስከር ባለቤት ፍሎራ በቺካጎ ምግብ ቤት ውስጥ ሲጋራ ስትለኩስ የቤቱ ኃላፊ መጥቶ እንድታጠፋ ጠየቃት። ላስከር ይህን ሲያይ ተናደደ፤ ወዲያው ደግሞ ከገበያው ግማሽ ያህሉ ገና አለመነካቱን አሰበ። ክስተቱን የነገረው ራሱ ነው።

ከውጭ የመጡ የኦፔራ ዘፋኞች መጀመሪያ ተመረጡ፤ በአውሮፓ ሴት ብታጨስ አይገርምምና። ድምፃቸው እንጀራቸው የሆነ ሴቶች ይህ ሲጋራ ጉሮሮ እንደማይጎዳ ሲመሰክሩ ታየ። በ1928 ደግሞ ዘመቻው ጣፋጭ ከመብላት ይልቅ ሲጋራ ማጨስን ለቅጥነት የሚመክር ሆነ፤ የከረሜላ አምራቾችም በቁጣ ተነሱ። ላኪ ስትራይክ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሽያጭ አንደኛ ወጣ። ሥራው የላስከር ብቻ አልነበረም፤ ሂል ሌሎች ባለሙያዎችንም ጎን ለጎን ያሠራ ነበር፤ ልማዱም በጊዜው ራሱን መቀየር ጀምሮ ነበር። ሆኖም ነውሩን በማፍረስ የሎርድ ኤንድ ቶማስ እጅ ትልቅ ነበር፤ የሴቶች የሳንባ ካንሰር ቁጥር ማሻቀብ የታየው ከዚያ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው።

ቤተሰብ

ላስከር ፍሎራ ዋርነርን በ1902 አገባ። ከሠርጋቸው በኋላ ብዙም ሳይቆይ በታይፎይድ ታመመች፤ ጤናዋ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ሜሪ፣ ኤድዋርድና ፍራንሲስ የተባሉ ሦስት ልጆች ወለዱ። ከቺካጎ በስተሰሜን በሌክ ፎረስት ሚል ሮድ ፋርም የተባለ፣ የራሱ የጎልፍ ሜዳ ያለው ሰፊ ርስት ሠርቶ ነበር፤ በኋላ ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው። ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ በ1928 ለሕክምና ምርምር አንድ ሚሊዮን ዶላር ለግሷል።

ፍሎራ በ1936 ሞተች። የእሷ ሞት ላስከርን ከሥራው ነጠለው ማለት ይቻላል። በ1938 ከተዋናይት ዶሪስ ኬንየን ጋር ያደረገው ጋብቻ በዓመቱ ፈረሰ።

ሜሪ ላስከር

በ1940 የዊስኮንሲን ተወላጅ የሆነችውን ነጋዴ ሜሪ ራይንሃርትን አገባ። ሜሪ በሽታ መድኃኒት የሌለው የሚሆነው ማንም ስላልፈለገለት ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበራት፤ ለምርምርም ገንዘብ ማሰባሰብ ትፈልግ ነበር። ላስከር የሰጣት ምክር የራሱ ሀብት ለዚህ እንደማይበቃ፣ ገንዘቡ ያለው በፌዴራል መንግሥቱ እጅ መሆኑንና እንዴት እንደሚጠየቅ እንደሚያሳያት ነው። በ1942 የላስከር ፋውንዴሽንን መሠረቱ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላስከር ሎርድ ኤንድ ቶማስን ዘጋ። ስሙን አልሸጠም፤ ደንበኞቹንና ሥራውን በኒው ዮርክ፣ በቺካጎና በሎስ አንጀለስ ለነበሩት ሦስት ኃላፊዎቹ ለኤመርሰን ፉት፣ ለፌርፋክስ ኮንና ለዶን ቤልዲንግ አስረከበ። አዲሱ ድርጅት በሦስቱ ስም ተጠራ።

ያን ጊዜ ካንሰር የሚለው ቃል በሬዲዮ አይነገርም ነበር። በጋዜጣ ላይ የሚወጣ የሞት ማስታወቂያ እንኳ ረጅም ሕመም ብሎ ያልፈዋል። በበሽታው ላይ የሚሠራው ማኅበር የሐኪሞች ስብስብ ነበር፤ ገንዘብ መሰብሰብ አያውቅበትም። ላስከርና ሜሪ የማስታወቂያ ሰዎችን ወደ ማኅበሩ አስገቡ፤ ኤመርሰን ፉትም ከእነሱ አንዱ ነበር። የሬዲዮ ጣቢያ ኃላፊዎች በአብዛኛው የላስከር የቆዩ ወዳጆች ስለነበሩ ቃሉ በአየር ላይ እንዲነገር ጠየቃቸው፤ ተፈቀደም። በ1944 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች የነበረው የማኅበሩ ገቢ በ1945 ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ ከዚያም ሩብ ያህሉ ለምርምር እንዲውል ሜሪ አስገደደች። ሴት ገዢን ያለ ኀፍረት ኮቴክስ እንድትገዛ ያደረገው ዘዴ እዚህም ሠራ፤ የማይነገረውን መናገር።

ላስከር በ1950 በአንጀት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዚያው ዓመት በአሜሪካና በእንግሊዝ የወጡ ጥናቶች ማጨስን ከሳንባ ካንሰር ጋር አያያዙት። ሜይ 30 ቀን 1952 በኒው ዮርክ በ72 ዓመቱ አረፈ።

ልጆችና የልጅ ልጆች

ልጁ ፍራንሲስ ከባሏ ሲድኒ ብሮዲ ጋር በሎስ አንጀለስ ታዋቂ የሥዕል ሰብሳቢ ሆነች። ከእሷ ሕልፈት በኋላ በ2010 የተሸጠው የፒካሶ ሥዕል 106.5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ በጊዜው በጨረታ ከተሸጡ ሥዕሎች ሁሉ ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ልጁ ኤድዋርድ የፊልም ፕሮዲዩሰርና የፈረስ አርቢ ሲሆን ተዋናይት ጄን ግሪርን አግብቶ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደ፤ አንደኛው የአያቱን ስም አልበርትን ወርሷል።

ሌላው የልጅ ልጅ ሎረንስ ላስከር አያቱ ሲሞት ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሎረንስ ከዋልተር ፓርክስ ጋር በ1983 ዋርጌምስ የተባለውን ፊልም ጽፎ ለኦስካር ታጨ። ፊልሙ አንድ ተማሪ ከቤቱ ሆኖ ወደ ጦር ኃይሉ ኮምፒውተር ሲገባ ያሳያል። ፕሬዚዳንት ሬገን ፊልሙን አይቶ እውነት እንዲህ ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ ጄኔራሎቹን ጠይቋል፤ ከአንድ ዓመት በኋላም የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ደኅንነት የሚመለከት መመሪያ ወጣ።

ከሕልፈቱ በኋላ

የላስከርን ሕይወት ጆን ጉንተር በ1960 በመጽሐፍ አወጣው። ጉንተር በ1955 ባሳተመው ስለ አፍሪካ የሚተርክ መጽሐፉ ኢትዮጵያን ያካተተ ጋዜጠኛ ነው፤ ልጁንም በ17 ዓመቱ በአንጎል ዕጢ አጥቷል።

የላስከር ሽልማት ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ብዙ ተሸላሚዎች በኋላ ኖቤልን ስለሚያገኙ የኖቤል ዋዜማ ተደርጎ ይታያል፤ የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒንን ያገኘችው ቻይናዊቷ ቱ ዮዮ በ2011 ላስከርን፣ በ2015 ኖቤልን ተሸልማለች። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በጀት በ1945 ጥቂት ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ደርሷል። በምክር ቤት አባላት በር ላይ በየዓመቱ የቆመችው ሜሪ ለዚህ ለውጥ ቀዳሚ ተጠቃሽ ናት። በ1971 የወጣውን ብሔራዊ የካንሰር ሕግም ከገፉት መካከል ነበረች፤ የሞተችው በ1994 ነው።

ከላስከር ድርጅቱን ከተረከቡት አንዱ የሆነው ኤመርሰን ፉት የላኪ ስትራይክን ሥራም አብሮ ወርሶ ነበር። በ1948 ድርጅቱ ከዓመት ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣውን ይህን ደንበኛ በፈቃዱ ለቀቀ፤ ያኔ ምክንያቱ ከአምራቹ ጋር መሥራት አስቸጋሪ መሆኑ ነበር። በ1964 የአሜሪካ መንግሥት የሕክምና ኃላፊ ማጨስ ካንሰር እንደሚያስከትል በይፋ ሲያስታውቅ ፉት ማካን ኤሪክሰን የተባለ ሌላ ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት ሊቀመንበር ነበር። በዚያው ዓመት ሲጋራ በሚያስተዋውቅ ድርጅት ውስጥ መሥራት አልፈልግም ብሎ ሥራውን ለቀቀ፤ ማጨስን የሚቃወሙ ማኅበራት የመሠረቱትን አገር አቀፍ ምክር ቤትም መራ።